እንሰት ብረት አይወድም

ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት ባለው አገር እጄ ያልነካው የቡና መፈልፈያ ካለ፣ እሱ ተበላሽቶ የማያውቅ ነው፤ ተበላሽቶ የማያውቅ መፈልፈያ ደግሞ እስካሁን አልተሠራም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ የሚባለው ሰው ያልሠራውን ሲያወራ ነው። እኔ የሠራሁትን ነው የማወራው፤ የሠራሁት ብዙ ስለሆነ ወሬዬ ይረዝማል።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በጉብዝናዬ ወራት ጆንያ በተሸከምሁበት የቡና መጋዘን ውስጥ፣ ከጆንያው ጽሑፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ያነበብሁት ቃል «ይርጋጨፌ» የሚለው ነበር። ቤት ውስጥ የምናወራው ጌዴኡፋ ነው፤ አማርኛን ከነጋዴዎቹ ሱቅ ለቅሜ ተማርሁ። ዛሬ የሰፈሬ ሰው የከበደው ደብዳቤ ሲመጣለት ለተማሩት ልጆቹ ሳይሆን ለእኔ ያሳያል።

ብረት የለየሁት ደግሞ ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ዱመርሶ ላይ ነው። በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በለቀማው መካከል መፈልፈያው ቆመ። ቀይ ቡና ተቆልሎ መሞቅ ጀምሯል፤ ከዋለ ይኮመጥጣል። መካኒክ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። እኔ የዚያን ጊዜ ጆንያ ተሸካሚ ነኝ። ማንንም ሳላስፈቅድ ፈታሁት፣ እያንዳንዱን ዕቃ በወጣበት ተራ ሣሩ ላይ ደረደርሁት፣ የተበላውን ጥርስ በሞረድ አስተካክዬ መልሼ ገጠምሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡናው እየተላጠ ይወርድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ፣

«ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«ብልሽቱ» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ጆንያ አልተሸከምሁም። ዲላ ላይ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የራሴን ወርክሾፕ ከፈትሁ። ከእጄ የወጡ ልጆች ዛሬ ሐዋሳና ሞያሌ የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። ይህን ሁሉ ያስቀደምሁት ቀጥሎ የምጽፈውን ነገር ያደረገው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ እንዲያውቀው ነው። ሞኝ ሰው አይደለም ያደረገው።

የእኛ አገር ሰው የሚኖረው በሁለት ተክል ነው። ቡና ለገበያ፣ እንሰት ለጉሮሮ። ሁለቱ አንድ ጓሮ ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቡናው ዘንድሮ ቢከዳ እንሰቱ ይጠብቃል፤ ዝናብ ቢቀርም ይጠብቃል። ነገር ግን መሬቱ ከአባት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ እየተቆረሰ ጠቦ፣ ዛሬ አንድ ጎረምሳ የሚደርሰው ድርሻ ከቤቱ ጥላ አያልፍም። የቡናው እግር አርጅቷል። ገበያው አንድ ዓመት ያስጨፍርና ሁለት ዓመት ያስለቅሳል። ዲግሪ የያዙ ልጆች መንገድ ዳር ተቀምጠው ባጃጅ ይቆጥራሉ፤ ባጃጁም ከተሳፋሪው በዝቷል።

እኔም አልቀረልኝም። አንዱ ጣቢያ ተዘጋ፣ ከዚያ ሌላው። የጠገንሁትን መፈልፈያ «ለቁርጥራጭ ብረት ውሰደው» ብለው ሰጡኝ። በገዛ እጄ ያዳንሁትን ማሽን ሬሳውን ጭኜ ወደ ዲላ ስወርድ፣ የቡና ነገር እንዳበቃለት ከሁሉም በፊት የገባው ለእኔ ነው።

«ከቡና ውጭ» የሚባለው ሥልጠና የመጣው ያን ጊዜ ነው። ወጣቶችን አደራጅተው ሥራ ፈጣሪ ሊያደርጓቸው፣ እኛን ሽማግሌዎች ደግሞ ልምድ እንድናካፍል ጠሩን። አዳራሹ ሞላ። ባለሙያው ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ ብዙ ከተናገረ በኋላ ጠየቀን።

«እስቲ አባቶች፣ ቡና ባይኖር በምን ትኖሩ ነበር?»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ባንኖርስ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅሁም። ተነሣሁ። «እንሰት አለ» አልሁ። «ሴቶቻችን ወገባቸው እስኪቆረጥ ይፍቁታል። በማሽን ቢፋቅ ቆጮውም ቡላውም ታሽጎ አዲስ አበባ ይሸጣል። ጥሬው በየጓሯችን ቆሟል።»

«ማሽኑን ማን ይሠራዋል፣ አባታችን?»

«እያየኸው ነው» አልሁት።

ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ለመናገር ያንን ጭብጨባ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። በሳምንቱ አምስት ወጣቶች «ኢንተርፕራይዝ» ተብለው ተደራጁ፣ እኔ አሠልጣኛቸው ሆንሁ። መሪያቸው አንዲት ዲግሪ ያላት ልጅ ናት። ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ የምትውለው መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ነው። ሥራ የማይፈራ እጅ ስለነበራት ገና ስታየኝ መፍቻ ሰጠኋት።

«አባባ፣» አለችኝ አንድ ቀን ብሎን እያጠበቀች፣ «ይሄ ካልተሳካ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«መንገዱ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ሞያሌ አይደል?»

«ከእኔ ጋር የተጀመረ ነገር ሳይሳካ ቀርቶ አያውቅም» አልኋት። እስከዚያ ቀን ድረስ እውነት ነበር።

ከበሮውን ከሞተው የቡና መፈልፈያ አወጣሁ። ጥርሱን ከመኪና ባሌስትራ ቆርጬ፣ ስዬ፣ ከበሮው ላይ በየድሁት። የቤንዚን ሞተር ገጠምሁለት። አንድ የማልሸሽገው ነገር አለ። በእኛ ዘንድ እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም፤ ነውር ነው። በልጅነቴ አንዴ ብጠጋ እናቴ በኮባ ገርፋ አባራኛለች። ስለዚህ ያንን ሥራ የማውቀው ከአጥር ውጭ በሚሰማ ድምፁ ብቻ ነው፤ ሸር፣ ሸር፣ ሸር ሲል። ማሽኑን የሠራሁት በዚያ ድምፅና በቡና እውቀቴ ነበር። ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ታናሽ እህቴ ፍስሐ ገነት አጠገብ፣ ገጠር ትኖራለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጇም በወሊድ ሞታባታለች፤ ሁለት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። በገበያ ቀን ዲላ ወርዳ ወርክሾፑ ጎራ ስትል ማሽኑን ዞራ ዞራ አየችው፤ በጣቷም ጥርሱን ነካችው።

«ይሄ ብረት ነው?»

«ታዲያ ቅቤ ይሁን?»

«እንሰት ብረት አይወድም፣ ጋሼ። እኛ በቀርከሃ ነው የምንፍቀው።»

«ስትቆርጡት በቢላዋ አይደለም እንዴ?»

«ቢላዋ ቆርጦ ያልፋል። ያንተ ግን ያኝከዋል።»

«ቀርከሃ የያዛችሁት እኮ ብረት የሚሠራላችሁ ሰው ስላልነበረ ነው» አልኋት።

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች። ብዙ ሰው በሕይወቴ «አንተ ታውቃለህ» ብሎኛል። የዚያን ቀኑን ግን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ማሽኑ አለቀ። ባለሙያው በደስታ ዘለለ፤ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፣ በአንድ ቀን ብዙ እንሰት ሲፋቅ ማየት አለባቸው አለ። እንሰቱን ከየት እናምጣ? ሴቶቹን ጠየቅን። አንዷም እሺ አላለችም። አንዲት አሮጊት፣ «ቃጫውስ?» አለችኝ። ቃጫ ከግንዱ የሚወጣው ረጅሙ ጭረት ነው፤ ሴቶች ለገመድ ይሸጡትና የራሳቸው ብቻ የሆነ ገቢ ያገኙበታል። «ያ ጥርስ ቃጫዬን ቆራርጦ ገለባ ያደርገዋል። ወንድ ያዘዘው ማሽን ምኑን ይወቅልኝ?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ስለዚህ እህቴ ዘንድ ወጣሁ። ከቤቷ ጀርባ የደረሱ ሠላሳ ሁለት እንሰቶች ነበሯት፤ ባሏ በሕይወት ሳለ የተከላቸው። ከእነሱ ሌላ ያለው ገና የሕፃን ቁመት ነው።

«ስንቱ ይጣል?» አለችኝ።

«የደረሰው ሁሉ።»

«ሁሉም?»

«ማሽን እንደ ሰው በአንድ በሁለት አይጠግብም። እንግዶች ይመጣሉ።»

«ክረምቱስ፣ ጋሼ? እነዚህ ልጆች ምን ይበላሉ?»

«ቆጮ አይበላሽም፣ ታውቂያለሽ። ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ክረምቱን ይጠብቅሻል። ከዚያ ማሽኑ በየቀበሌው ሲተከል የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

ልጆቹን አየች፣ ጓሮውን አየች፣ እኔን አየች። «ወንድሜ ነህ» አለች። ቢላዋውን ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። ከወጣቶቹ ጋር ሆነን ጣልናቸው። የመጨረሻውን የጣልሁት እኔ ነኝ። ሲወድቅ ከጀርባው የጎረቤት ቤት ታየ፤ ከእህቴ ደጅ ያ ቤት ታይቶ አያውቅም ነበር።

ማሽኑን እዚያው እህቴ ጓሮ ተከልነው፤ የማሳያው ቀን ያማረ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ሴቶች ሳምንት የሚፈጅባቸውን ከሰዓት በፊት ጨረስነው። እንግዶቹ ፎቶ ተነሡ፣ አንዱ ትከሻዬን አቅፎ «እውነተኛ ሥራ ፈጣሪ ማለት እኚህ ናቸው» አለ። የሰፈሩ ሴቶች ከአጥሩ ወዲያ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆመው ነበር። በጩኸቱ መካከል መሪዋ ልጅ ጆሮዬ አጠገብ መጣች።

«አባባ፣ ቀለሙ እየተቀየረ አይደል?»

አየሁት። ግራጫ ብሏል። «አየር ነው» አልኋት። «አምቾም ሲላጥ ይጠቁራል።»

አምቾ፣ ያ ወፍራሙ የእንሰት ሥር፣ እውነትም ሲላጥ ይጠቁራል። ሰው የሚያጠፋው በውሸት ብቻ አይደለም፤ ግማሽ እውነት ይዞም ያጠፋል።

እህቴ ጉድጓዱን ኮባ አልብሳ፣ የተፋቀውን ጠቅጥቃ፣ ድንጋይ ጫነችበት። ዝናቡ በገባ ጊዜ ላከችብኝና ወጣሁ። ስትከፍተው አጠገቧ ነበርሁ። የላይኛውን ኮባ አነሣች፣ ሁለተኛውን አነሣች። ውስጡ ያለው ነገር ከሞተር የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ይመስል ነበር። እጇን ሰድዳ ከሥር አወጣች፤ ከሥርም ያው ነው። ምላሷ ላይ አድርጋ ተፋችው።

«ብረት ብረት ይላል» አለች።

አጥባ፣ ጨምቃ፣ ትንሹን ጋገረችው። የቃጫው ስብርባሪ ውስጡ እንደ ፀጉር ተሰግስጓል። ትንሿ የልጅ ልጇ አንድ ጉርሻ ወሰደች፣ አኘከች፣ የአያቷን ፊት አየችና ዋጠች። ሁለተኛ ግን እጇን አልዘረጋችም። ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ ጉድጓዱን አይተው እንደ ለቅሶ ቤት ቁጭ አሉ። ያቺ የቃጫዋ አሮጊትም መጣች። «ብዬህ አልነበረም?» ትለኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አላለችም። ብትለኝ ይሻል ነበር።

እህቴ አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ውሃው ነው አልሁ፣ ሙቀቱ ነው አልሁ፣ እንዲያውም ኮባው ነው አልሁ። እሷ ድንጋዮቹን እየለቀመች አጥር ሥር ትደረድር ነበር። ወደ ዲላ ተመልሼ አንድ የእንሰት ቅርፊት ለሁለት ቆረጥሁ። ግማሹን በባሌስትራ፣ ግማሹን በቀርከሃ ፍቄ በሁለት ሳህን አስቀመጥሁ። በማግስቱ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ማን አስተማረህ ብትሉኝ ዛሬም መልሴ ያው ነው።

ባለሙያውን ቢሮው ሄጄ ነገርሁት። ግድግዳው ላይ የእኔ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከማሽኑ ጋር ቆሜ እስቃለሁ። ልጁ ደነገጠ፣ አዘነም። ቀጥሎ ያለኝ ግን ይህን ነው፤ «አባታችን፣ ሪፖርቱ እኮ ሄዷል።»

መሪዋ ልጅ ወርክሾፕ መጣች። «ጥርሱን በቀርከሃ እንቀይረው፣ ከበሮውንም በእንጨት» አለች። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ስህተቴን ስታርምልኝ አልቻልሁትም። «ጊዜ ስጪኝ» አልኋት፤ ጊዜ የፈለግሁት ግን ለማሽኑ ሳይሆን ለፊቴ ነበር። ክረምቱን ጠበቀችኝ። መስከረም ሲጠባ ቱታዋን አጥባ፣ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አባባ፣ ደህና ይሁኑ። አላኮረፍሁም» አለችኝ። መንገዱን ተሻግራ ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና አስቆመች። ከደጄ ሆኜ አየኋት። የቀሩት አራቱ ተበተኑ፤ ሁለቱ ባጃጅ ይነዳሉ።

የእህቴ ክረምት ረዘመ። ጎረቤቶቿ በተራ ቆጮ አመጡላት፤ የእነሱም ጉድጓድ እየጎደለ ሲሄድ ተራው ራቀ። እኔ የበቆሎ ዱቄት ላክሁ፤ ተቀበለች፣ አመሰገነችም። አልበቃትም። ቡናዋን ገና ሳይቀላ እግሩ ላይ እንዳለ ሸጠችው፤ ፍሬውን ሌላ ሰው ለቀመው። በመጨረሻ ልጆቹን ይዛ ቤቷን ዘግታ ወደ እኔ ወረደች። ወርክሾፑ ጀርባ ያለውን ክፍል ሰጠኋት። በእኛ አገር ጓሮዋ ባዶ የሆነ ሴት ለልቅሶ እንኳ ስትሄድ ዳር ነው የምትቀመጠው፤ እንሰት የሌለው ቤት ቤት አይባልም። እህቴ በአገሯ መካከል የምትቀመጥ ሴት ነበረች።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ለዘመድ እንሰት ልትፍቅ ስትሄድ በር ላይ ቆም ብላ «ና፣ እይ» አለችኝ። ስንደርስ ሴቶቹ ተንጫጩ።

«ወንድ ነው እኮ! ምን ሆነሻል?»

«ወንድ አይደለም» አለች እህቴ። «ተማሪ ነው።»

ሳቁብኝ፤ እኔም በርጩማ ተሰጥቶኝ ተቀመጥሁ። ግንዱን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በተረከዛቸው ተጭነው፣ ቀርከሃውን ከላይ ወደ ታች ሲስቡት አየሁ። አይቆርጥም፣ አያኝክም፤ ይገፋል ብቻ። ቃጫው ሙሉ ቁመቱን ይዞ ይቀራል፣ ነጩ ይወርዳል። ሰባ ዓመት አጥር ወዲያ የሰማሁት ድምፅ ይህ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያከናወንሁትን ልዘርዝር፤ ሌላ ሰው አይዘረዝርልኝምና።

አንደኛ፣ የብረቱን ማሽን በገዛ እጄ ፈታሁት። አንዱንም ጥርስ ለሌላ ሥራ አላዋልሁም።

ሁለተኛ፣ የእንጨት ከበሮና የቀርከሃ ስለት ያለው፣ በእግር የሚረገጥ መፋቂያ ሠራሁ። የሦስት ሴት ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ አይሠራም። ቆጮው ነጭ ነው፣ ቃጫውም አይቆረጥም። ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት እንዲህ ያለ ሌላ ማሽን አላየሁም። የሚረከበው ማኅበር ግን የለም፤ ወርክሾፑ ውስጥ ቆሟል።

ሦስተኛ፣ ያ ሥልጠና ለአዲስ ወጣቶች ሲሰጥ ሳልጠራ ገብቼ፣ ሁለቱን ሳህኖች ለሁሉም አሳየሁ። «ማሽን ከመሥራታችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ» አልኋቸው። አልተጨበጨበልኝም።

አራተኛ፣ ሁለቱን ልጆች ትምህርት ቤት አስገባሁ። ትልቁ በማንበብ ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ ያስጠናሁት እኔ ነኝ።

አምስተኛ፣ ለዚያች ልጅ በየሳምንቱ እደውላለሁ። ስልኩ አይጠራም። ቱታዋ የነበረበት ወንበር ላይ አለ። ይህንን አከናወንሁ አልልም፤ ግን ከዝርዝሩ አላወጣውም።

ስድስተኛ፣ በእህቴ ጓሮ ሠላሳ ሁለት እንሰት ተከልሁ። ጉድጓዱን ሰው ሳያግዘኝ ራሴ ቆፈርሁ፤ በዚህ ዕድሜ ይህን የሚያደርግ ካለ ይምጣ። ሁለቱ ደረቁ፣ ሠላሳው ቆመዋል። ለመድረስ አምስትና ስድስት ዓመት ይፈልጋሉ። ባለፈው እሑድ ከእህቴ ጋር ወጥተን አየናቸው። እስከ ጉልበቴ ደርሰዋል።